ስም ያልተጠራበት ሙሾ

ንጋቱ የሞተው በፍልሰታ ጾም ነው። እዚህ ሞላሌ ያለነው የሰማነው ግን መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ ተቀብሮ፣ አርባው ወጥቶ፣ እዚያ የሚያለቅስለት ሰው ካለም አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ።

የነገረችኝ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ናት። ድሮ የንጋቱ ተማሪ ነበረች። መታወቂያዬን ልታባዛልኝ ተቀበለችኝና ማሽኑ እስኪሞቅ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ ቀና አለች።

«አባባ፣ መምህር ንጋቱን ያውቁታል አይደል?»

«አውቀዋለሁ። ምን ሆነ?»

ስልኩን አዙራ አሳየችኝ። ፎቶው ያው የእሱ ነው፣ ትንሽ ከስቷል። ከፎቶው ሥር የበራ ሻማ አድርገውበታል። ሻማውን ካየሁ በኋላ ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለገኝም።

«ጉበቱን ነው አሉ» አለችኝ።

«ማን ቀበረው?»

እኛ አገር ሰው ሞተ ሲባል ቶሎ ከአፍ የሚወጣው ጥያቄ ይኸ ነው። ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። «እንጃ አባባ። የሥራ ጓደኞቹ ይመስሉኛል።»

መታወቂያዬን ሳልቀበል ወጥቼ ሄድኩ። ከኋላዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጣራች፤ ሰምቻታለሁ፣ ግን አልተመለስኩም።

የፊደል ሰው አይደለሁም። ሦስተኛ ክፍል ደርሼ ነው ወደ ሱፍ ሥራ የገባሁት። የበግ ሱፍ ነድፌ፣ ሴቶቹ ፈትለው ሲያመጡልኝ ባና የምንለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ሸምኜ ነው ልጆች ያሳደግሁት። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ቀስ እያልኩ።

ንጋቱ ከአዲስ አበባ ወደዚህ የመጣው እናቱን እትዬ ዘነቡን ለማስታመም ነበር። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀርተው ነበር፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። እዚያ ሙዚቃ ተምሯል። እዚህ መጥቶ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥዕልና ሙዚቃ ያስተምር ጀመር። ከሰዓት በኋላ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ያደርግና ሲነካካ ይውላል። ጓደኞቹ አዲስ አበባ የቪዲዮ ጌም ይሠራሉ፤ ለጌሙ የሚሆነውን ሙዚቃ የሚደርስላቸው እሱ ነው። እኛ ይህን አናውቅም። «የዘነቡ ልጅ ከኮምፒውተር ጋር ያወራል» ነበር የምንለው።

እኔ ቤት የመጣ ቀን ሱፍ ስነድፍ ነው ያገኘኝ። ላላየ ሰው፣ መንደፊያው ደጋን ማለት በጎበጠ እንጨት ላይ የተወጠረ ጅማት ነው። ጅማቱን ሱፉ መሐል አድርገው ሲመቱት ይነዝርና የተቋጠረውን ሱፍ ይፈታዋል። ቀና ስል አንድ ረጅም ቀጭን ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምን ፈለግህ ልጄ?» አልኩት።

አንድ ጣቱን አነሳ። ቆይ ማለቱ ነው። በገዛ ቤቴ ቆይ ስባል ደሜ ፈላ። እሱ ጣቱን እንዳነሳ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየና የደጋኑ ንዝረት ጭራሽ ሲጠፋ እጁን አውርዶ ወገቡን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ።

«ይቅርታ ጋሼ። ድምፁ እስኪያልቅ ብዬ ነው።»

«የምን ድምፅ?»

«የደጋንዎ።»

«እኔ ከደጋኔ አላንስም እኮ፤ መጀመሪያ ሰላም ይባላል።»

«እርስዎማ አሉ። እሱ ግን ካለፈ አይገኝም» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ የልጅ ፊት አለው። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ይህን ጣት ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አየሁት! በር ሲያንቋርር፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያባራ፣ አህያ ጮኻ ስትጨርስ፣ ጣቱ ትነሳለች። የመጨረሻዋን ጭራ ሳይሰማ ማንንም አያናግርም።

ደጋኑን ልቅዳው ብሎ ለመነኝ። «ድምፅ ባለቤት አለው ጋሼ። ካልፈቀዱልኝ አልወስድም» አለኝ። ያን ያህል ዘመን ስደጋግመው የኖርኩትን ነገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ውሰደው አልኩት። ሌላ ቀን ደግሞ ባና ስንረግጥ መጣ። የተሸመነው ባና ገንዳ ውስጥ በሙቅ ውሃ ተነክሮ፣ ሦስት አራት ሰው እየተደጋገፈ በእግሩ ይረግጠዋል፤ እንዲያ ሲሆን ነው የሚጠብቀው። ማይክራፎኑን ካልሲ አልብሶ ገንዳው ሥር ጣለው። ጎረቤቴ ሸማኔው «አሁን የእኛን እግር ሰምቶ ማን ሊጨፍር ነው?» ብሎ አፌዘበት። ንጋቱ አልመለሰለትም፤ እያዳመጠ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ላፕቶፑንና ሁለት ትንንሽ ስፒከር ይዞ መጣ። የሽመና ዕቃዬ መጠቅለያ እንጨት ላይ ደርድሮ «ይስሙት» አለኝ።

መጀመሪያ እንደ ጉም ነበር። አንድ ቀጭን ክር የመሰለ ድምፅ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ በጠዋት ከገደሉ ሥር ቀስ ብሎ እንደሚወጣው ጉማችን። ቀጥሎ ሌላ ክር ተደረበበት፣ ሌላ፣ ሌላ፤ ድር ሲደወር እንደማየት ነው። ማሲንቆ ይመስላል፣ ማሲንቆም አይደለም፤ ሃምሳ ማሲንቆ ባንድ ትንፋሽ ነው። ከሥሩ ደግሞ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ሲዘንብ ከሩቅ እንደሚሰማው ያለ ነጎድጓድ ገባ። ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ።

«ይህ ምንድነው?» አልኩት።

«ደጋንዎ ነው ጋሼ።»

እጄን አየሁት። ምን ልበላችሁ፣ ሰው የገዛ እጁን እንግዳ ሆኖበት ያየዋል? እኔ አየሁት። ወዲያው የእግራችን ርግጫ ገባ፤ ብዙ ሠራዊት ጭቃ ውስጥ የሚጓዝ ይመስላል። ከላይ እምቢልታ የሚመስል፣ ግን ሆዱ የሰፋ ነገር ተነፋ። ጎረቤቴ መወርወሪያውን እንደያዘ በራፌ ላይ መጥቶ ቆሟል። ሲያልቅ ንጋቱ ጣቱን እንዳነሳ ነበር። ካወረደ በኋላ ጎረቤቴ «ጋሽ ተሰማ፣ እንዲህ ታስፈራለህ እንዴ? እኛ እኮ ሱፍ የምትነድፍ መስሎን ነበር!» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ስንት ሰው ነው የሚጫወተው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ኦርኬስትራ ይባላል ጋሼ። በደህናው አገር ሰማንያ መቶ ሰው ሆኖ ይጫወተዋል።»

«ያንተዎቹስ የት አሉ?»

«እኔ ብቻዬን ነኝ። መሣሪያዎቹ ድምፃቸው ተቀድቶ እዚህ ውስጥ አለ፤ አንድ በአንድ እየጠራሁ አሰልፋቸዋለሁ። የእርስዎ ደጋን ግን ሌላ ማንም ዘንድ የለም።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲደርስ በሩን እያየሁ እጠብቀዋለሁ። «ያንን የጉሙን ክፈትልኝ» እለዋለሁ። ሳልታክት ሰማሁት። የጠላ ቤት ዘፈን የማይገባኝ፣ ሬዲዮ የሚያስተኛኝ ሰውዬ ያንን ሙዚቃ ስሰማ ቀና ብዬ ነበር የምቀመጠው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የቅዳሜ ከሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ ያኔ ግን ደስ አለኝ። ይህን የምለው ኋላ ያደረግሁበትን ስለማውቅ ነው።

ጌሙ ምን እንደሆነም አስረዳኝ። አንድ መንገደኛ ደብዳቤ ይዞ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል። ጉም አለ፣ ጅብ አለ፣ ገደል አለ። የሚጫወተው ሰው በጣቱ ይመራዋል። ከሳተ መንገደኛው ገደል ገብቶ ይሞታል፤ ከዚያ ይነሳና እንደገና ይሞክራል።

«ሲሞትስ ምን ይባላል?» አልኩት።

«እሱ ነው የጎደለኝ። ቫዮሊን ሞከርኩ። ቫዮሊኑ ያዝናል፣ ግን ማንን እንዳጣ አያውቅም። የሰው ድምፅ ነው የሚያስፈልገኝ፤ የእትዬ በለጡ።»

በለጡ የአገራችን አልቃሽ ናት። ሙሾ ስታወርድ ደረቅ ዓይን አይቀርም፤ ሬሳው ሊነሳ ሲል እሷ ካልደረሰች ሰው ቅር ይለዋል። ንጋቱ አስቀድሞ ሄዶ ለምኗት ኖሯል፤ «የማንን ሬሳ አየህብኝ?» ብላ በሩን ዘጋችበት። እኛ ዘንድ ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወርድም። ሟርት ነው። ልጅ በጨዋታ እንኳ ቢሞክረው እናቱ አፉን በእጇ ትከድናለች።

ሌላው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር፣ ወይም ለቅሶ ቤት ሄዶ ተደብቆ ይቀዳ ነበር። እሱ ግን ድምፅ ባለቤት አለው ባይ ነው። ነጠላውን አጣፍቶ መጣና መደቡ ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለኝ።

«ልታገባት ነው? ዕድሜዋን ጠይቀሃል?» ብዬ አሾፍኩበት።

እሱ ግን የምሩን ነበር። ሄድኩለት። በለጡ ቤት ስደርስ አንድያ ልጇ ደምሴ ጭቃ የነካ ጫማውን በር ላይ እየጠረገ ነው። ድንጋይ ከካባ እየፈለጠ እናቱን የሚያኖር ጎበዝ ነበር። ገብቼ ነገሩን ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎም አርጅተው ቀለሉ? ሰው ሳይሞት ላልቅስ? ማንን ብዬ?»

ደምሴ ከበሩ «በይለት እንጂ እማዬ፤ አዲስ አበባ ሁሉ ይሰማሻል!» አለ።

«አንተ ዝም በል!» አለችው።

ያኔ ነው እኔ የተናገርኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከአባቶችም አልሰማሁትም፤ ከገዛ ራሴ ነው። «ስም አትጥሪ። ሙሾን ሙሾ የሚያደርገው ስም ነው። ስም ካልተጠራ ዜማ ነው እንጂ ለቅሶ አይደለም» አልኳት። ሽበት ያለው ሰው ነው የተናገረው፤ አመነችኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ንጋቱን ይዤው ሄድኩ። በለጡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ግድግዳውን እያየች አወረደችው፦

ጉም ነው የለበሰው የኔ መንገደኛ፣
ማን ይቀሰቅሰው ብቻውን ሲተኛ።

ሌላም ብዙ አለች፤ እኔ የቀረኝ ይኸ ነው። ስትጨርስ የንጋቱ ጣት ተነስታ ቀረች፤ እንባው ግን ወርዷል። «ይፈቅዱልኛል እትዬ?» አላት፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

«ውሰደው። ከቤቴ አውጣልኝ» አለችው።

ጌሙ የወጣው በጥምቀት ሰሞን ነው። ወጣቱ ሁሉ በየስልኩ ይጫወተው ነበር። ገደል የገባ ሰው ባለ ቁጥር የበለጡ ድምፅ ከሻይ ቤቱ ይወጣል፤ በዚያ ሁሉ ክር ተሸፍኖ፣ የኔ ደጋን ከሥር እያጉረመረመ። እሷ ራሷ አንድ ቀን ቆማ ሰማችና «ይቺ እኔ ነኝ? እንዴት ወፍሬያለሁ!» ብላ አሳቀችን። ንጋቱ ጌሙ ሲያልቅ የሚወጣውን ጽሑፍ አሳየኝ። ወደ ላይ የሚሄድ የስም ዝርዝር ነው። «ደጋን፦ ጋሽ ተሰማ» ይላል። በሕይወቴ ስሜ በኅትመት ሲጻፍ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ከእኔ ቀጥሎ የበለጡ ስም ነበረ።

ሁለት ወር አልሞላውም፣ ካባው በደምሴ ላይ ተናደበት።

ቀብሩ ላይ ሕዝቡ ሁሉ በለጡን ይጠብቃል። ለሰው ሁሉ ያለቀሰች ሴት ለአንድ ልጇ ምን ልትል ነው ብሎ። ወጣች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ አፏን ከፈተች፤ ምንም የለም። ደገመች። ምንም የለም። ከዚያ ቀስ ብላ «ተናግሬዋለሁ። ብዬ ጨርሼዋለሁ» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

«ምን ማለቷ ነው?» ተባለ። አንዱ ለአንዱ ሲያንሾካሹክ፣ ሻይ ቤት የተሰማው ሁሉ ተቆጥሮ ሲወጣ፣ ሬሳው አፈር ሳይለብስ ነገሩ አገር አዳረሰ። ሰው ሳይሞት አስለቅሷት ነው። የዘነቡ ልጅ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ዳኛችን ሽፈራው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደንብ ወዳድ ነው። ንጋቱን መሐል አቆሙት። በለጡ ሐዘን ላይ ስለሆነች የለችም።

«ስም እንኳ አልጠራችም እኮ» አለ ንጋቱ።

ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «ስም ስላልጠራችማ ነው! ሞት ራሱ የፈለገውን ጠርቶ ገባ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ያቺ «ስም አትጥሪ» የምትለው ነገር የኔ ቃል ነበረች። ቄሱ «እኔ በማውቀው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብለው ሞከሩ፤ የሰማቸው የለም።

ሽፈራው ጠየቀ፦ «በሽማግሌ ጠይቀሃታል ወይስ ደፍረህ ነው የገባኸው?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በሽማግሌ ከሆነ በወግ ነው፤ ጥፋትም ካለ የሚጠየቀው ሽማግሌው ነው። በድፍረት ከሆነ ግን የሐዘንተኛዋን ቤት የሰበረው እሱ ነው።

ንጋቱ አየኝ። እኔም አየሁት። በዚያች ትንፋሽ ያሰብኩትን አልደብቅም። እኛ የእጅ ባለሙያዎች ድሮም በጎን ነው የምንታየው። ከብት ሲሞት፣ ልጅ ሲታመም፣ ወደ ሸማኔ ቤት ዞር የሚል ዓይን አለ፤ አባቴም ያንን ዓይን ፈርቶ ነው የኖረው። እኔ ነኝ ብል ደምሴን የበላው ተሰማ ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። መሬት መሬት አየሁ።

«ብቻዬን ነው የሄድኩት» አለ ንጋቱ።

ዋሸ። ለእኔ ሲል ዋሸ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ከእነ ቤተሰቡ ከእድር ተሰረዘ። ለቅሶው ላይ ማንም እንዳይቆም፣ እሳት እንዳይጫርለት ተባለ። እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እናቴስ?»

«እናትህ ካንተ ጋር ናቸው» አለው ሽፈራው።

ከዚህ በኋላ የእትዬ ዘነቡ ነገር ግልጽ ነው። አልጋ ላይ ያሉ አሮጊት ናቸው፤ ሞላሌ ላይ ቢሞቱ ተሸክሞ የሚቀብራቸው አይኖርም። ንጋቱ ትምህርት ቤቱን ተወ። ሊሄድ ሲል እኔ ዘንድ መጣ። ሱፍ እየነደፍኩ ነበር፤ ደጋኑን ጣልኩና «ልጄ፣ እኔ...» አልኩ።

«ይተዉት ጋሼ» አለኝ። «እኔ መሄጃ አለኝ። እርስዎ የት ይሄዳሉ?»

ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ቁጣ አልነበረበትም።

ቃሬዛው የእድሩ ስለሆነ አልሰጡትም። እናቱን ባና አልብሶ በጀርባው አዝሎ እስከ መናኸሪያው ወረደ። ባናው የኔ ሥራ ነበር። ሰው በየበሩ ቆሞ ያይ ነበር፤ እኔም በራፌ ላይ ቆሜ አየሁ። አራት ሰው የሚሸከመውን ብቻውን ተሸክሞ፣ እያረፈ፣ እንደገና እያነሳ። ሁለት ጊዜ አረፈ። አንዱ ከኔ በር ፊት ለፊት ነበር። አልወጣሁም።

እትዬ ዘነቡ በሁለተኛው ዓመት እዚያው አዲስ አበባ ሞቱ ተባለ። የንጋቱ ስልክ ቁጥር ነበረኝ። ነገ እደውላለሁ ስል፣ በዓል ይለፍ ስል፣ ስድስት ዓመት ሞላ።

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት በለጡ ዘንድ ነው። እስካሁን ጥቁር አላወለቀችም፤ ከዚያን ቀን ወዲህም ለማንም ሙሾ አላወረደችም። ነገርኳት።

«እሱ ነው ወይ ልጄን የገደለብኝ?» አለች። «ካባው ነው እንጂ። ያኔም አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም በለጡ?»

«እኔ? ልጇን በአፏ ቀበረች ሲሉኝ ከርመው፣ እኔን ማን ያምነኛል? እርስዎን ነበር የጠበቅሁት። ዛሬ ይናገራሉ፣ ነገ ይናገራሉ ብዬ። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት።»

ተነስታ ከሣጥኗ ስልክ አወጣች፤ ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው። «ያቺ የፎቶ ኮፒዋ ልጅ ጭናልኛለች» አለችና ከፈተችው። ጉሙ መጣ፤ ቀጥሎ የገዛ ድምፅዋ። ስልኩ ትንሽ ስለሆነ የኔ ደጋን አይሰማም፤ እኔ ግን የት እንደሚገባ አውቀዋለሁ።

«ለደምሴ የወረደለት ሙሾ ይኸ ብቻ ነው» አለችኝ። «ቀብሩ ላይ አልወጣልኝም፣ አይተዋል። ይህን ባይቀዳልኝ ኖሮ ልጄ ሳይለቀስለት ቀርቶ ነበር። አርብ አርብ እሰማዋለሁ።»

«ንጋቱ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ማን ነግሮት?»

«አልቅሽለት እንግዲህ፤ አሁን ስሙን ጥሪ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ያባረረ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል ጋሼ?» አለችና ስልኩን ወደ ሣጥኑ መለሰች።

በጥቅምት መጀመሪያ እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ተነሳሁ። «ያኔ ሽማግሌው እኔ ነበርኩ» አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ንጋቱ ልኮኝ እንደሄድኩ፣ ስም አትጥሪ ያልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ «ብቻዬን ነው የሄድኩት» ያለው እኔን ሊያድን እንደሆነ፣ ያን ዓይን ፈርቼ ዝም እንዳልኩ። የሚመጣውን ሁሉ ልቀበል ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ይሰርዙኝ ብዬ ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቢሰርዙኝ ደስ ባለኝ።

ሽፈራው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ተሸክመው ነው የኖሩት? የቆየ ነገር እኮ ነው። እግዜር ይፍታዎ።»

«ይፍታዎ» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

«ወንበር አቀብሏቸው እስቲ፤ ደከሙ።»

ይህን ያህል ነው የፈጀው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፣ አንዱ ክንዴን ደግፎ ይዞኛል። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። «ንጋቱስ?» አልኩ። «የተሰረዘው በሐሰት ነው። ስሙ ከነእናቱ ይመለስ።»

ሽፈራው መዝገቡን ገለጠ፤ የምሩን አስቦበት ነው። «እሱማ ሞተ አይደል ጋሼ? የሞተ ሰው አባል አይሆንም። ደንቡ አይፈቅድም።» ዙሪያውን አየ። የተቃወመ የለም። ቄሱ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ወንበሩ መጣ። ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ የድንኳኑ ጉዳይ ነበር። አሮጌው ስለተቀደደ አዲስ ይሰፋ ወይስ ይጣፍ ተባለ። ጥቂት ተከራከሩበት። «ይሰፋ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለ ሽፈራው።

አወጣሁ።